ያ አገር፣ ደሴቲቱና የቅርቡ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ሦስተኛው ደብዳቤ ዛሬ መጣ። ታላቅ እህቴ እትዬ ከኮምፒውተሩ ሳትነሣ «ኑማ!» ብላ ጠራችን። አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከልብስ ስፌት ሱቁ ሮጦ መጣ፤ ሱቁ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። እማዬ ከነሳሙና እጇ መጣች። ሦስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል።

አባዬ «እሰይ!» አለ። እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የእትዬን ግንባር ነካች፣ ትኩሳት እንዳላት ለማየት። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስለምትሠራ ድሮም ልማዷ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ባሰባት። ደስ ሲላትም ግንባር ትነካለች።

ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሦስት አገር ናቸው። አንደኛውን «የቅርቡ» ነው የምንለው፤ በአውቶቡስ አንድ ቀን ነው። ሁለተኛው «ደሴቲቱ» ነው። ሦስተኛውን በስሙ የሚጠራው የለም። «ያ አገር» ነው። ትልቁ የሞተበት። ትልቁ የምንለው የሁላችንም ታላቅ ወንድማችንን ነው፤ እዚያ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ያለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ሞተ። ይኼን ለመጻፍ እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ።

እትዬ ያን ጊዜ ትምህርቷን ጨርሳ ልትሄድ ነበር፤ ቀረች። አሁን መልስ የምትሰጠው እስከ መጋቢት 15 ነው። መማር የምትፈልገው ሰው ሠራሽ እግርና እጅ መሥራት ነው።

«ማሙሽ፣ አንተ ሒሳብ ትችላለህ። ሦስቱን አወዳድርና ሰንጠረዥ ሥራልኝ» አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ቤት ግን ማሙሽ ነኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ሰንጠረዡ አለቀ። አሥር መለኪያ፣ እያንዳንዱ ከአሥር። የቅርቡ 84። ደሴቲቱ 69። ያ አገር 51።

እትዬ እርሳስ ይዛ አነበበችው። «ርቀት። እሺ። የጉዞ ሰዓት። እሺ። የትራንስፖርት ቅለት። ከቤት ተነሥቶ የሚደረስበት ፍጥነት።» ቀና አለች። «ማሙሽ፣ ይኼ አንድ ነገር አራት ልብስ ቀያይሮ የመጣ አይደለም እንዴ?»

«የተለያዩ ናቸው።»

«ከሕመምተኛ ጋር የሚሠራ ልምምድስ? ያ አገር እኮ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ነው እግር የሚያሠሩት። የታለ?»

«ቦታ አልበቃኝም።»

ፀጉሬን በጣቶቿ በታትና ሄደች። ሒሳቡ ልክ ነው። ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

አክስቴ፣ የአባዬ እህት፣ መጣች። እሷ በሹክሹክታ ስታወራ ጎረቤት ይሰማል።

«አንዱን የወሰደ አገር ለሌላው ያዝናል? አንቺ እናት አይደለሽ? በር ላይ ተጋድመሽ አስቀሪያት እንጂ!»

«ብጋደም ተሻግራኝ ትሄዳለች» አለች እማዬ። «እግሯ ረጅም ነው።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ፤ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም።

አክስቴ ስትወጣ እጄን ይዛ «አንተ እንኳን ተናገራት፤ አንተን ትሰማለች» አለችኝ። ሰንጠረዥ ሠርቻለሁ አልኳት። ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ግን «ጎበዝ» አለች።

ዘወር ስል እትዬ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። አሁን የገባች አስመሰለች። እኔም አሁን ያየኋት አስመሰልኩ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

የፊዚክስ ፈተና። አራተኛውን ጥያቄ ዘለልኩት። ቤት ስገባ «ራሴን ወቀረኝ» ብዬ ቦርሳዬን ወረወርኩ፤ እንዲሁ የሚባል ነገር ነው። እማዬ አንገቴን ወደ ፊት ወደ ኋላ አሳጠፈችኝ፣ አምፖል አሳየችኝ፣ «ብርሃኑ ይወጋሃል?» አለችኝ። አይወጋኝም አልኩ። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ሐሙስን አልወደውም። ስለ ሐሙስ ሌላ ቀን።

የካቲት 16፣ እሑድ

እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። አባዬ ግን «ሒሳብ ልይ» ብሎ ወጣ። እማዬ ለምሳ ጥራው ብላ ላከችኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የስፌት መኪናው ይሰማል። ገባሁ።

ካፖርት እየሰፋ ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ ብርድ ልብስ የከበደ ጨርቅ። ገበሩ ሁለት ድርብ ነው፤ በመካከሉም ሌላ ስስ ጨርቅ አለ። በዚህ ሙቀት እኛ ሸሚዝ ከብዶናል።

«የማን ነው?»

«የደንበኛ።»

«የቱ ደንበኛ?»

«ደንበኛ ነዋ። አንተ ደግሞ ካርድ ክፍል ሆንክብኝ።»

ሲያዞረው ትከሻውን አየሁት። ግራው ከቀኙ በትንሹ፣ ምናልባት በአንድ ጣት፣ ዝቅ ብሏል። በዚህ ሰፈር ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቦርሳዋን የምታንጠለጥለው በዚያ በኩል ነው።

የቅርቡ አገር ሙቅ ነው። ደሴቲቱም ሙቅ ናት።

ቤት ውስጥ ደግሞ «የቅርቡ ጥሩ ነው፣ እንጠያየቃለን» የሚለው እሱ ራሱ ነው! ምሳው ደርሷል ብዬው ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ምስጢር መያዝ እችላለሁ። ያ ነው ችግሬ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

እራት ላይ እትዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ወስኛለሁ። የቅርቡ» አለች። እንዲህ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደሚባለው።

አባዬ «መልካም» አለ። እማዬ ሳህኗ ላይ የሌለ ነገር ትለቅም ጀመር። እኔ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። «አንተንም» አለችኝ።

ለምን እኔን?

የካቲት 28፣ ዓርብ

የፈለግኩት ሆነ። በአውቶቡስ አንድ ቀን። ቢያማት ጠዋት ተነሥቼ ማታ እደርሳለሁ። ጥሩ ነው።

እትዬ በእማዬ ሆስፒታል የምትረዳበት የሰው ሠራሽ እግር መሥሪያ ክፍል መሄድ አቁማለች። ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት ቤት ናት። ቁም ሣጥን አስተካከለች። እንደገና አስተካከለች። ካልሲዎቼን በቀለም ደረደረችልኝ፤ እኔ የማይመሳሰል ካልሲ ነው የማደርገው፤ ዛሬ ጠዋት ልዩ ልዩ ካልሲ ፍለጋ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ።

አባዬ ካፖርቱን አልተወውም። ዛሬም በሱቁ መስኮት አየሁት።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

እማዬ ምሳዋን ረስታ ስለሄደች ከትምህርት ቤት መልስ ሆስፒታል አደረስኩላት። ስመለስ ከእግር መሥሪያ ክፍሉ «ና እዚህ፣ ባለ ሰንጠረዡ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጋሽ ጉልበት ናቸው። ሰው ሠራሽ ጉልበት የሚሠሩ ቴክኒሻን ስለሆኑ ሆስፒታሉ በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። እትዬ ዓመቱን ሙሉ የረዳችው እሳቸውን ነው።

ግድግዳው ላይ እግር ተደርድሯል፤ እንደ ጫማ መደብር።

«እህትህ ተጣላችኝ እንዴ?»

«አይ፣ ቤት ሥራ በዝቶባት ነው።»

«የምን ሥራ?»

«ካልሲ።»

ሳቁ። ከዚያ የያዙትን ሞረድ አስቀመጡ። «አንድ ሾፌር ነበረኝ፤ እግሩ እያሳመመው። ሦስት ጊዜ ሞርጄለት እንቢ አለ። እሷ ‹እስቲ ወዲያ ወዲህ በል› አለችውና ከኋላው አየችው። ‹ጋሽዬ፣ ግራ ዳሌው ከፍ ብሏል፤ እግሩ ረዝሞበታል› አለችኝ። የልብስ ሰፊ ልጅ! በአንድ ቀን ዳነ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዓይን ሁለተኛ አላየሁም።»

«የቅርቡ አገርም እኮ ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው። እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። ሦስት ዓመት እግር በሥዕል አሳዩኝ።»

«ለእማዬና ለአባዬ ብላ ነው የመረጠችው።»

ጋሽ ጉልበት ቀና ብለው አዩኝ። «ለእነሱማ እዚህ ቁጭ ብላ የምትላቸውን ስትለማመድ ነው የከረመችው። አንተ ላይ ስትደርስ ነው የምታቆመው። ‹ማሙሽ ሰንጠረዥ ሠርቶልኛል፤ ሰንጠረዡ የሚለው ግን አትሂጂብኝ ነው› አለችኝ።»

«እንደዚያ አይልም።»

«እኔ አላየሁትም» አሉና ሞረዱን አነሡ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ብዙ መጻፍ አለብኝ። ነገ ትምህርት የለም።

ከሰዓት ሱቁ ገባሁ። አባዬ የካፖርቱን ገበር እየተረተረ ነው። ያለቀውን! አዝራሩ ሳይቀር ተተክሎለት ነበር።

«ምን ሆነ?»

«ስስ ነው።»

«አባዬ፣ ሁለት ድርብ እኮ ነው። ሰው ከነነፍሱ ይቀቀላል።»

አልሳቀም። የመተርተሪያዋን ጫፍ ክሩ ሥር እየሰደደ፣ አንድ በአንድ እየበጠሰ፣ ቀና ሳይል ተናገረ። «የወንድምህን ጊዜ ቀለል ይበልለት አልኩ። ሻንጣው ከብዶ ነበር። አንድ ገበር አደረግኩለት፣ ያውም የሸሚዝ ጨርቅ። ወፍራሙ እዚህ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ነው የተውኩት።»

«ማጅራት ገትር ነው እኮ ያሉት። ብርድ አይደለም።»

«ሐኪሞቹ ያሉትን ሰምቻለሁ። ብርድ ያልገባው ሰውነት ግን ይታገላል። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የልጄን ልብስ አሳንሼ ነው የላክሁት።»

አንድ ዓመት ከሦስት ወር። ጠዋት ጠዋት መንገዱን ተሻግሮ፣ የሰው ሱሪ እያሳጠረ፣ ይኼን ይዞ ነው የኖረው። «ያዝልኝ» አለኝ። የጨርቁን ጫፍ ያዝኩለት። ያደረግኩት ይኼን ብቻ ነው። ይኼን ብቻ!

እንግዲህ ሐሙስ።

ትልቁ ሐሙስ ዕለት ደወለልኝ፤ ለእኔ፣ በእኔ ስልክ። ከትምህርት ቤት እየወጣሁ ነበር። ድምፁ ሻክሯል። አንገቴ ደርቋል፣ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልኩ አለኝ። እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ። ከዚያ «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ እሺ? ታውቃታለህ፤ ግንባሬን ለመንካት አውሮፕላን ነው የምትሳፈረው። ቅዳሜ ይሻለኛል» አለ። ስለ አከራይዋ ድመት አወራልኝ፤ አሳንሰሩ ውስጥ ገብታ ከሰው ጋር ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ሥራ እንዳላት። ሁለታችንም ሳቅን።

እሺ አልኩት። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ምስጢር ለእኔ ሰጠኝ፣ ለእትዬ አይደለም፣ ለእኔ ብዬ። ማታ እማዬ «ከወንድምህ ጋር ተገናኛችሁ?» ስትል «ደኅና ነው» አልኳት።

ቅዳሜ አከራይዋ በሩን አስከፈተች። እሑድ ሞተ።

ነግሬያት ቢሆን፣ እማዬ አንገት፣ ብርሃን ሲባል በአንድ ቃል ታውቀው ነበር። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ነች።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ነገርኩት።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቁ ገባሁ፤ ቦርሳዬን ሳላወርድ። «አባዬ፣ ገበሩ አይደለም። ሐሙስ ደውሎልኝ ነበር» አልኩ። በዚያችው ሰዓት አንድ ደንበኛ ገባ፤ ጡረታ የወጣ መምህር ነው።

«ሱሪዬ ደርሷል?»

«ደርሷል፤ ይቀመጡ» አለ አባዬ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነበር፤ ግን አልሰጠውም። «ቀጥል» አለኝ።

መምህሩ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የጨርቅ ናሙና ያገላብጥ ጀመር። እኔም ቀጠልኩ፤ ካቆምኩ ሁለተኛ አልጀምረውም። ሁሉንም። አንገቱን፣ መስኮቱን፣ እንዳትነግራት ያለኝን፣ እሺ ያልኩትን፣ «ደኅና ነው» ያልኩትን። አባዬ ይመታኛል ብዬ አልነበረም የፈራሁት። ሁለተኛ አያየኝም ብዬ ነበር።

አየኝ። «ድምፁ እንዴት ነበር?» አለኝ።

«ሻክሮ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ።»

«በምን?»

ድመቷን ነገርኩት። አባዬ ሳቀ፤ እየሳቀ ፊቱን በሱሪው ያዘ። በመምህሩ ሱሪ። «ድምፁን የሰማ ሰው አልነበረም ብዬ ነበር እኮ» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው ሳይነጋገር ነው የሞተው ብዬ። ለካ ካንተ ጋር ይሳሳቅ ነበር።» ከዚያ «በረደኝ አለ?» አለኝ።

«አላለም። ካፖርቱ ወፍራም ነው ብሎኛል። ክፍል ውስጥ አውልቄው ነው የምቀመጠው ብሎኛል።»

«ወፍራም ነው አለ?»

«ወፍራም ነው አለ።»

እንደገና አስደገመኝ። ይኼን ትልቁ በእርግጥ ብሏል። ያለው ግን ሐሙስ አይደለም፤ መስከረም ላይ ነው፣ ብርዱ ሳይገባ። አባዬ ቀኑን አልጠየቀኝም።

«አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር» አለ። «አሥራ አምስት። እሱ ሃያ። ሁለታችሁም ልጆች።» ጭንቅላቴን ደረቱ ላይ አስደገፈው፤ ጠመኔና የጋለ ካውያ ይሸታል።

ቀና ስንል መምህሩ የለም። ሱሪውን ትቶ ሄዷል።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ትናንት ማታ ለእማዬ ራሴ ነገርኳት። አባዬ «እኔ ልንገራት?» ብሎ ነበር፤ እንቢ አልኩ።

አላናገረችኝም። ግንባሬንም አልነካችም። ሌላ አልጽፍም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ጠዋት ቀሰቀሰችኝ። ሸሚዜ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ነው። አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ተናድጄብሃለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«በእሱም ተናድጃለሁ። አውሮፕላን ትሳፈራለች አለ? እሳፈር ነበራ! ምን ነውር አለው?» አፍንጫዋን ጠረገች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ለእማዬ እንዳትነግራት የሚባል ነገር የለም። ሰማህ? የተበላሸ ፈተና እንኳን ቢሆን።»

«ፊዚክስ አራተኛውን ጥያቄ ዘልያለሁ።»

በትራስ መታችኝ። ከዚያ ግንባሬን ነካች፤ እጇን እዚያው አቆየችው።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

እትዬ ክፍሌ ገባች። አባዬ ነግሯታል። ካፖርቱንም ሰጥቷታል፤ በዚህ ሙቀት ለብሳው መጣች፤ ላቧ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል።

«ድብ መስለሻል።»

«ዝም በል። ትከሻው እንዴት ልክ እንደሆነ አየህ?» መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ድመቷ ምን ዓይነት ቀለም ነበራት አለችኝ። አላውቅም።

«እትዬ፣ ሰንጠረዡ ውሸት ነው።»

«እየነገርከኝ ነው? አራት ልብስ የለበሰውን ያገኘሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«ልምምዱን ሆን ብዬ ነው ያስቀረሁት። እሱ ገብቶ አራቱ አንድ ቢሆኑ ያ አገር ይበልጥ ነበር።»

«በስንት?»

«በብዙ።» ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «ሂጂ። ያ አገር ሂጂ።»

«አንተ አዝዘኸኝ አልሄድም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ድገመው።»

«ሂጂ» አልኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበደኝ።

ከዚያ እራት ላይ ያ አገር እንደምትሄድ ነገረቻቸው። አባዬ «ካፖርቱ ይበቃታል» አለ። እማዬ «እስቲ እናያለን» አለች፤ እንቢም እሺም አይደለም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ዛሬ ቅጹ ተሞላ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። አራታችንም ኮምፒውተሩን ከበብን፤ ከማእድ ቤት ወንበር አመጣን። እትዬ ያ አገርን በእውነተኛ ስሙ ጮክ ብላ አነበበችው። በቤታችን ከዓመት በላይ ተሰምቶ አያውቅም። ጣሪያው አልወረደም። አባዬ ብቻ አንዴ ተነሥቶ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ «በአደጋ ወይም በሕመም ጊዜ የሚጠራ ሰው» ይላል።

«የእኔን ጻፊ» አለች እማዬ። «ሥራ ቦታዬ ሁልጊዜ ስልክ ይነሣል።»

እትዬ መልስ ሳትሰጥ ጻፈች። ስሜን ነው። ሙሉ ስሜን፣ እስከ አያቴ። እንዲያ ተጽፎ ሳየው የሌላ ሰው፣ የሆነ የተከበረ ሰውዬ ስም መሰለኝ።

«እኔን?» አልኩ። «እትዬ፣ እኔን አይደለም። አባዬን አድርጊ።»

«አንተን ነው።»

«ምን እንዳደረግኩ እያወቅሽ?»

«እያወቅኩ።» ወደ እኔ አልዞረችም። «ዝምድና» በሚለው ቦታ «ወንድም» ብላ ጻፈች።

አባዬ እማዬን አየ። እማዬ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ በካርድ ክፍሏ ድምፅ ጠየቀችኝ። ሰልፍ የያዘ ሰው የሚጠየቀው እንደዚያ ነው።

«ቢደውሉልህ ምን ታደርጋለህ?»

«እነግርሻለሁ።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ።»

«እኔ ተኝቼ ቢሆን?»

«ቀስቅሼሽ።»

«እሷ ራሷ ደውላ፣ ‹እማዬ ትጨነቃለች፣ ተው› ብላ ብትለምንህስ?»

የእትዬ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቆመዋል።

«እየለመነችኝም እነግርሻለሁ። ብትጣላኝም።»

እማዬ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ካርዱ ትክክለኛው መሆኑን እንደምታረጋግጥ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረች።

«በይ ላኪው» አለቻት።